ውሃው ይደፋል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ከኩላሊት እጥበት ክፍሉ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ

ጩጬዬ፣ የማህፀኔ ፍሬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶሽም ጩጬ እላለሁ፤ ደብዳቤውን ሥራ ቦታ አትክፈቺው እንጂ እኔስ አልተውም። ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ «እኛ ደህና ነን» ይባላል። እኔ ዛሬ ለውሸትም ጉልበት አጣሁ። ስለዚህ አባትሽ በሕይወት አለ ብዬ ልጀምርልሽ። አለ። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ክንዱን ለማሽኑ ሰጥቶ ተኝቷል። አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ገና አንዱ ነው የተገፋው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ እሱ ኪስ ስለሚውል ነው። ያችን ባለቁልፍ ስልክ ደግሞ ድምጿን ለሰፈሩ ሁሉ ካልከፈታት የሰማ አይመስለውም። የምጽፍልሽ ነገር ግን እሱ እንዲሰማው የማልፈልገውን ነው። «ፈቃዴ ተፈቅዶልኛል፣ ልምጣ ወይ? ቶሎ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ለአባዬ ግን አትንገሪው፣ ድንገት ልምጣበት» ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ ከደረሰኝ ስምንት ቀኑ። ስምንት ቀን ዝም ያልኩሽ መልስ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱን ብቻ ብጽፍልሽ እናቴን ምን ነካት ትያለሽ፤ ስለዚህ ከነምክንያቱ ስሚኝ። መሀል ላይ ያለው የአባትሽ ነፍስ ነው።

ካለፈው ሳምንት በፊት ባለው ሰኞ ነው። ሰኞ ለእኛ ክፉ ቀን ነው። አባትሽ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው የሚታጠበው፤ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለው ክፍተት ይረዝማል። ኩላሊቱ እንደሆነ ሥራ አቁሟል፤ የበላው የጠጣው ሁሉ ትራፊው ደሙ ውስጥ ተቀምጦ ማሽኑን ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጣጥፍ ከደረጃው ላይ ጠራኝ። «ነይማ፣ እግሬ ነዳጅ ጨረሰ» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ሌላ ቀልድ አልተማረም፤ «እንግዲያማ ግፋው!» ብዬ ማጣጠፌን ቀጠልኩ። ሁለተኛ ሲጠራኝ ግን ድምፁ ሌላ ሆነብኝ።

ወጥቼ ሳየው አራተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሊነሳ ይሞክራል፣ እግሩ አይታዘዘውም። ከንፈሩን ይነዝረዋል፤ ጣቶቹ ደንዝዘዋል። እጁን ይዤ የደም ሥሩን ብፈልገው አንድ ይመታና ይጠፋል፤ ቀረ ስል እንደገና አንድ ይመታል። «አመመህ?» ብለው «አላመመኝም፣ ደከመኝ እንጂ» አለ። ታች ያለው ጫማ ሰፊ ጩኸቴን ሰምቶ መዶሻውን ወርውሮ መጣ፤ አዝሎት ነው መኪና ላይ ያደረሰው።

ድንገተኛ ክፍል ደረቱ ላይ ገመድ ለጣጠፉበት። ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት ሐኪሙ ሲያየው ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ተነሳ። «ካልሲየም አምጡ፣ አሁኑኑ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ለጋ ነው፣ ገና ጢሙ እንኳ በቅጡ አልሞላለትም፤ ግን ሥራውን ያውቀዋል። ፈጣሪ ይባርከው። ነገሩ ረገብ ሲል ያንን ወረቀት ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ የልብ ምቱ መስመር ላይ ያለው ይሄ ጉብታ ጤነኛ ሰው ላይ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው። የአባባን ያዩታል? ሾሏል፤ ምቱም ተራርቋል። ደማቸው ውስጥ ፖታሲየም በዝቶ ነው።»

«ፖታሲየም ደግሞ ምንድን ነው? መርዝ ነው?»

«አይደለም። ድንቹም፣ ሙዙም፣ ጎመኑም ውስጥ አለ። ልብ ያለ እሱ አይመታም። ግን ልክ አለው። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ካልሠራ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሲከማች፣ ልብን ምታ የሚለው ምልክት ይዘገያል፣ ይዛባል፣ በመጨረሻም ልብ ቀጥ ሊል ይችላል። ከአምስት ተኩል ሲያልፍ እንሰጋለን፤ የአባባ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።»

«እና ሳያመው?»

«ብዙ ጊዜ አያምም። ክፋቱም እሱ ነው። ሰው ድካም ይመስለዋል።»

እኛ ቤት ደግሞ ማን ያልደከመ አለ ብለሽ ነው፣ ልጄ?

በደም ሥሩ የሰጡት ካልሲየም ፖታሲየሙን አያወጣውም አለኝ፤ ልቡን ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይጠብቅለታል። ቀጥለው ኢንሱሊን ከስኳር ጋር ሰጡት፤ ያ ደግሞ ፖታሲየሙን ከደሙ ወደ ሰውነቱ ውስጥ ይገፋዋል፤ እሱም ለጊዜው ነው። ጠርጎ የሚያወጣው እጥበቱ ነው። ሳይመሽ ማሽኑ ላይ አስገቡት፤ ሲወጣ ከንፈሩ ላይ ቀለም ተመለሰ። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል። ቅዳሜ የታጠበ ሰው በሁለት ቀን ይሄን ያህል ከየት አመጣ? ምን በላ?

እንግዲህ የኔ ጉድ እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ሰኞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የምግብ ባለሙያዋ ሁለታችንንም ጠርታ አስተምራን ነበር። ድንች ለአባትሽ ነፍሱ ነው፤ ጨርሶ ከሚቀርበት እንዲህ አድርጉለት አለችን። ድንቹ ይላጣል፣ በስሱ ይከተፋል፣ ይዘፈዘፋል፣ በብዙ ውሃ ይቀቀላል። እዚህ ላይ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ ጠራኝና ወጣሁ። ስመለስ ትምህርቱ አልቋል፤ አባትሽ የተሰጠውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከቶታል። «ሌላስ ምን አለች?» ብለው፣ «ያው የሰማሽው ነው። ቀቅለሽ አብይኝ ነው ነገሩ» አለኝ።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት መቶ ልጅ ሳበላ አትክልት የተቀቀለበትን ውሃ ደፍቼ አላውቅም። «ጉልበቱ ያለው ውሃው ላይ ነው» እያልኩ ስንቷን አዲስ ሠራተኛ አስለቅሻለሁ። ስለዚህ ድንቹን ለምሳ ሰጠሁት፤ ውሃውን ከካሮቱና ከጎመኑ ውሃ ጋር ቀላቅዬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንተክትኬ፣ ወፈር ሲልልኝ ሾርባ አደረግሁለት። የሚጠጣው ነገር በልክ ነው፤ በቀን ሦስት ኩባያ። አባትሽ ሻዩን ትቶ ሁለቱን ኩባያ ለሾርባው አደረገው። ሻይ ሳይጠጣ መሪ የማይጨብጠው ሰውዬ! «የዛሬውስ ከትናንቱም በለጠ» እያለ ኩባያውን ገልብጦ ያሳየኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር «አይከፋም» ከምትለው ቃል ያለፈ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ሞኟ እናትሽ ደስ ብሎኝ ጭራሽ እያወፈርኩ ቀዳሁለት። አሥራ አንድ ቀን።

ረቡዕ ጠዋት የምግብ ባለሙያዋ መዝገቧን ይዛ ወደ አልጋው መጣች።

«እማማ፣ ሰሞኑን ምን ሲበሉ ሰነበቱ?»

«ያልሽውን ነዋ፣ ልጄ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ድንቹን ቀቅዬ እሰጠዋለሁ። ውሃውን ደግሞ አላባክነውም፣ ሾርባ…»

«ውሃውን?» አለች። እስክሪብቶዋ በአየር ላይ ቀረ። «እማማ፣ ውሃውን እኮ ነው ድፉት ያልኩት! ፖታሲየሙ ከድንቹ ወጥቶ የሚገባው ውሃው ውስጥ ነው። የምንቀቅለውም እንዲወጣ ብለን ነው። እርስዎ ያወጡትን መልሰው አጠጧቸው ማለት ነው!»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኔ አፍሼ ለባሌ አጠጣሁት። የአልጋውን ብረት ያዝኩ። «እኔ እኮ አልሰማሁም፣ ወጥቼ ነበር» አልኳት።

«ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ ያስተማርኩትን በሽተኛው በራሱ አፍ ካልመለሰልኝ አለቅም። ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ። ‹ውሃው ይደፋል፣ ውሃው ልብ ያቆማል› ብለው በዜማ ሁሉ ብለውልኝ አስቀውኛል። አይደል፣ አባባ?»

አባትሽ ጣሪያውን አየ።

ሻዩ ትዝ አለኝ። «የዛሬውስ በለጠ» ያለው ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ሙገሳ! ልጅቷ ግን መልስ እየጠበቀች ነው፤ መዝገቡ ተከፍቷል፣ እስክሪብቶው ተይዟል። ምን ትጽፍ ይሆን? ባሏን ልትገድል ነበር ወይስ ራሱን ሊገድል ነበር? «ነግሮኛል» አልኳት። «እኔ ነኝ የዘነጋሁት። እርጅና ነው።» ተቆጣችኝ። የልጅ ልጄ በምትሆን ልጅ ፊት አንገቴን ደፍቼ ቁጣዋን ተቀበልኩ። አባትሽ አሁንም ጣሪያውን እንዳየ ነው፤ እንባው በጎን ወርዶ ጆሮው ውስጥ ሲገባ አየሁት።

ዓርብ ወደ ቤት መለሱን። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጫማውን አወለቅሁለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወግድልኝ! ምኑን ትለኛለህ ደግሞ!»

ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? «ባለፈው ከእጥበት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ እንቅልፍ ወሰደሽ» አለኝ። «ብረቱን እንደያዝሽ። እኔ ተቀምጬ፣ አንቺ ቆመሽ። ስንት ዓመት በመስታወት የደከመ ሰው ሳይ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ የደከመ ግን አላየሁም። ይህችን ሴት እኔ ነኝ የጨረስኳት አልኩ። እኔም ደክሞኛል። ክንዴን አየሽው? መርፌ ያልገባበት ቦታ የለውም። ያቺ ልጅ ውሃው ልብ ያቆማል ስትል፣ እንግዲህ መንገዱ ይሄ ነው አልኩ። አያምም ብላለች።»

«እና በእኔ ጭልፋ?» አልኩት። ጮኼያለሁ፣ ልጄ፤ ጎረቤት ሰምቷል። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያበላሁበት እጅ ባሌን ገድሎ እንዲቀር ነው የፈለግከው?»

«አታውቂም ነበር እኮ። የማታውቂው ነገር አይጸጽትሽም ብዬ ነው።»

«ልጅቷስ ዝም የምትል መስሎህ ነው? ሬሳህ ላይ ቆማ ‹ውሃውን ምን አደረጉት?› ብትለኝ ምን እላት ነበር?»

ይሄን አላሰበውም። እምልልሻለሁ፣ አላሰበውም። ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ቀና ብሎ አየኝና «ካንቺ እጅ ከሆነ አይከብደኝም ብዬ ነው» አለኝ። በጥፊ ልለው ቃጣኝ፤ የመታሁት ግን ትራሱን ነው። ከዚያ ሁለታችንም እንደ ሕፃን አለቀስን። ሁለት አሮጌ ሰዎች፣ አንድ አልጋ ጫፍ ላይ።

ሌላም ነገር አለ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ካንቺ ግን ምን እደብቃለሁ? «ደክሞሻል» ሲለኝ «አልደከመኝም» ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣልኝም። ያን ሰኞ ደረጃው ላይ እጁን ይዤ፣ ልቡ አንድ መትቶ ሲጠፋ፣ የሚቀጥለውን ስጠብቅ፣ ነገ ማክሰኞ ነው፣ ነገ በጠዋት መነሳት አይኖርብኝም ይሆናል የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር። ሽው ብቻ ነው ያለው። ወዲያው ልቡ መታ፣ እኔም ጮህኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። አንቺም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። «ማልልኝ» አልኩት። «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ላታስብ፣ ከማሽኑ አንድ ቀን ላትቀር ማልልኝ።»

«በማን ልማልልሽ?»

«በልጅህ።»

«ጩጬ እስክትመጣ» አለ። «እስክትመጣ ድረስ አንዲት ቀን አልቀርም። ያለሽኝን እበላለሁ፣ ያላልሽኝን አልነካም። ዓይኗን ካየሁ በኋላ ግን አታስገድጂኝ። በቃ የማለት መብት ይኑረኝ። አንቺም ማዪልኝ።»

ማልኩለት።

ጩጬዬ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከመሐላው በሦስተኛው ቀን ነው። ከአገር ከወጣሽ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት መጥቶ፣ ሽንት ቤት ገብቼ በር ቀርቅሬ አነበብኩት። «ልምጣ ወይ?» ትያለሽ። ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ስወጣ «ምነው ቆየሽ?» አለኝ፤ «ሆዴን ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ቃሉን እንዴት እንደጠበቀ ብታይ! ቀድሞኝ ይነሳል፤ ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ «አውቶቡሱ አይጠብቀንም» ይለኛል። ድንች ስቀቅል አጠገቤ መጥቶ ውሃው መደፋቱን በዓይኑ ያያል። እኔ ደግሞ ስደፋው እስካሁን ይቆጨኛል፤ አመል አይለቅም። ባለፈው ቅዳሜ ፖታሲየሙ ከአምስት ትንሽ ነው ያለፈው። ያ ጢሙ ያልሞላው ሐኪም «ጎበዝ፣ አባባ!» አለው፤ አባትሽ ደግሞ «ልጄ ልትመጣ ስለሆነ ነው» አለው። መቼ ብሎ ቢጠይቀው «አንድ ቀን» አለ። ሁልጊዜ ከማሽኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጻፈች?» ብሎ ነው። እኔም ገና ነው እለዋለሁ።

መልሴ እንግዲህ ይሄ ነው፦ አትምጪ።

ስድስት ዓመት «ነይ፣ ነይ» እያልኩ ያደነቆርኩሽ እኔ ነኝ ይሄን የምጽፈው። አውቃለሁ፣ ቃጠሎውን አውቀዋለሁ። ፈቃድሽን መልሺላቸው። ለእሱ ግን ጻፊለት፤ እየመጣሁ ነው በይው። ቀን አትቁረጪለት። ከርሞ በይው፣ ሥራ በዝቶ ነው በይው፣ አለቃዬ ክፉ ሰው ነው በይው፤ ሰውየው ይቅርታ ያድርግልን። ውሸት አትችይበትም፣ እሱን ከአባትሽ አልወረስሽም፤ ግን ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ። አንድ ቀን ሳታዪው ቢሞት ልትፈርጂብኝ ነው። ፍረጂ። መብትሽ ነው። እኔ ግን እጄ ላይ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፤ አንቺን ሲጠብቅ ይኖርልኛል። ራስ ወዳድ ነሽ ብትዪኝም አዎ ነኝ። ደክሞኛል፤ ግን ብቻዬን መድከሙን አልፈልገውም።

አሁን በሩ ተከፈተ፤ ሊጨርስ ነው መሰለኝ። መርፌው የወጣበትን ክንዱን ለመጫን ፎጣ ይዤ መግባት አለብኝ። የሄድሽበት አገር ምድሩም ሰዉም ይቻልሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ እንጀራሽ አይጉደል፣ እንቅልፍሽ ጥሩ ይሁን። ያልኩሽን ጨክነሽ ካልቻልሽው ደግሞ አልረግምሽም፤ ልጅ ነሽ፣ አባትሽ ነው።

የምትወድሽና የምትከለክልሽ
እናትሽ

የረሳሁትን ልጨምር፦ ፎቶሽን ላኪልኝ፤ አዲስ የተነሳሽውን። ለእኔ ብቻ ብለሽ ላኪው። ለእሱ አላሳየውም፤ ዓይኗን አየሁ እንዳይለኝ።